ተቀደደ የተባለው ምዕራፍ

ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ሰው ሳይቀየም የማያልፍበት በር አንድ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ በር። እዚያ የሚቆሙት ጋሼ ዝናቡ ናቸው። ዲኑ ቦርሳ አንግቶ ቢመጣ «ጌታዬ፣ ቦርሳውን ከዚህ» ብለው የዕቃ መደርደሪያውን ያሳዩታል። ዲኑ አንድ ቀን ይስቃል፣ አንድ ቀን ይቆጣል፤ እሳቸው ሁለቱንም እንዳላዩ ናቸው። ቦርሳው መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል።

እኔ የትናየት ነኝ፤ መጽሐፍ አዋሽ። ጠረጴዛዬ ከበሩ አምስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የጋሼ ዝናቡን ጠባይ ሳልመዘገብ ተምሬዋለሁ። ስለዚህ ሌላ ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ ዝም ብዬ እሰማና በሆዴ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» እላለሁ።

አገራቸው አምባራስ ነው። በልጅነታቸው የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ድቁና ሊቀበሉ ጥቂት ሲቀራቸው አባታቸው ሞቱና ወደ እርሻው ተመለሱ። ኋላ እዚያ ያለው ብሔራዊ ፓርክ ስካውት፣ የዱር ጠባቂ ማለት ነው፣ ሲቀጥር ገቡ። ሃያ ሰባት ዓመት ሳንቃ በር በሚባለው የፓርኩ ጣቢያ ጠመንጃ ተሸክመው ሣር አጫጅና ፍየል ሲያባርሩ ኖሩ። ከዚያ ዘመናቸው የሚወራላቸው አንድ ነገር ነው። የሚስታቸውን ወንድም ክንዴን ከፓርኩ ክልል ውስጥ ፍየል ሲያሰማራ አግኝተው፣ ከነፍየሎቹ ነድተው ጣቢያ አስረከቡት። ሚስታቸው እትዬ በለጠች ሦስት ወር አላናገሯቸውም። እውነት ነው ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«እውነት ነው።»

«የሚስት ወንድም እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ሣሩ ዘመድ አያውቅማ» አሉኝ።

ጡረታ ወጥተው ደባርቅ ሲገቡ ዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ይፈልግ ነበር። ሌላው ጥበቃ የሚያየው ቦርሳ ነው፤ እሳቸው መጽሐፉን ይከፍታሉ። ተማሪ የተዋሰውን ሲመልስ እኔ የጀርባውን ቁጥር አያለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ከበሩ መጥተው ገጹን አንድ በአንድ ይገልጣሉ። ፈተና ሲደርስ ገጽ የሚቀድ ተማሪ አይጠፋም። የጉዳት መዝገብ አለን፦ የመጽሐፉ ስም፣ የጎደለው ገጽ፣ ቀኑ፣ በመጨረሻም ያጠፋው ሰው ስም። ስሙ እዚያ የሰፈረ አንድ ወር ከቤተ መጻሕፍቱ ይታገዳል። ከመዝገቡ ላይ ካሉት ስሞች ግማሹን ያስያዙት ጋሼ ዝናቡ ናቸው። «ከዚህ በር አንዲት ገጽ አትወጣም» ይላሉ። ተማሪዎቹ በሌሉበት ይስቁባቸዋል፣ በፊታቸው ግን ኪሳቸውን ራሳቸው ይገለብጣሉ።

ዙፋን የመጣችው ከዳባት ነው። በሰባት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ወሰደው። ጎንደር የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ጥሩ ውጤት አምጥታ፣ ሕግ ትምህርት ክፍል ገባች። ምላሷ ስለት ነው፤ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ችግሯ የሚሰማ ነገር ማግኘት ነበር። የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ቢሯችን አንድ ክፍልና ሁለት ኮምፒዩተር፣ እንዲሁም አንዳርጋቸው የሚባል ትሑት ሠራተኛ ነው። ኮምፒዩተሩ እንግሊዝኛውን በድምፅ ያነበንበዋል፣ አማርኛ ላይ ሲደርስ ጭጭ ይላል። የወንጀል ሕጉ መጽሐፍ ደግሞ በአማርኛ ነው። ስለዚህ አንዳርጋቸው ከተማሪዎች መካከል በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች መደበላት። መጀመሪያ ሰባት ነበሩ። ፈተና ሲቃረብ ልደቱ የሚባል ልጅ ብቻ ቀረ፤ እሱም ቢሆን የሚያነበው አውቶቡስ እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ነበር።

ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ ሲያነብላት ጋሼ ዝናቡ ሦስት ቀን ታገሡ። በአራተኛው ቀን መጥተው ከራሱ በላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ቃሉን አትብላው» አሉት። «እሷ የምትፈልገው አንተ የዋጥኸውን ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ያንብቡላት» አለ ልደቱ፣ ተቀይሞ።

ሊቀልድ ነበር መሰለኝ። እሳቸው መነጽራቸውን አወጡ። አንዱ እጀታው በክር የታሰረ ነው። አማተቡ፣ ወንበር ሳቡ፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አድርገው ጀመሩ። የዳዊት አነባበብ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ፣ እስትንፋስ በሚገባበት ቦታ እስትንፋስ እየገባ። የንባብ አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ። ዙፋን ፈገግ ብላ ስልኳን አወጣችና ወደ አፋቸው አስጠጋችው። ከዚያ በኋላ ልደቱን እዚያ አላየነውም።

ድምፃቸው አዳራሽ ስለሚረብሽ አሮጌ ጋዜጣና የተሰበረ ወንበር የምናከማችበትን የኋላ ክፍል ሰጠኋቸው። ፈረቃቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ያነባሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ሳንቃ በር እያሉ ከመዝሙረ ዳዊት ሌላ መጽሐፍ አልነበራቸውም። «ዳዊት ከደገምሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ቁም ነገር በአፌ አልገባም» ብለውኛል። እያነበቡም አስተያየት ይሰጣሉ። ስለ ከብት ስርቆት ሲደርሱ ቆም ብለው «ይቺ እንኳ ለአንድ የማውቀው ሰው የተጻፈች ናት» ይላሉ። ዙፋን ትስቅና «ጋሼ፣ አስተያየትዎን ፈተና ላይ እንዳልጽፈው ይተዉኝ» ትላለች። ሳቋ እኔ ጠረጴዛ ድረስ ይሰማ ነበር። እቀናባቸው ነበር ማለት እችላለሁ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከቁጥር ጋር ነው።

በግንቦት አንድ ቀን ከአሥር ሰዓት በፊት ከኋላው ክፍል ወጡ። መጽሐፉ በብብታቸው ነው።

«ገጽ ተቀዷል» አሉኝ። «ከስድስት መቶ ሃያኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለው ምዕራፍ የለም። መዝግቢው።»

መጽሐፉን ሳልከፍት መዘገብሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ግን ማንን ልጠርጥር? የሚስቱን ወንድም ያሳሰረ ሰው «ገጽ ተቀዷል» ካለ ተቀዷል ነው። ያጠፋው ሰው ስም የሚለውን ቦታ ባዶ ተውሁት። ሌሎቹ ሁለት ቅጂዎች መምህራን እጅ ነበሩ። ዙፋን «ይሁን፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የተነገረውን ይዤዋለሁ» አለች። ጋሼ ዝናቡ ቀጣዩን ምዕራፍ አነበቡላት፣ ጨረሱ።

ፈተናው መጣ። ግማሹ የመጣው ከዚያ ምዕራፍ ነበር፤ እያንዳንዱን አንቀጽ ከነዝርዝሩ የሚጠይቅ። ዙፋን ወደቀች። ትምህርት ክፍሉ በአሥር ቀን ውስጥ ድጋሚ ፈተና ፈቀደላት። ያንን ካላለፈች ነጥቧ ወርዶ ትሰናበታለች፤ ሦስት ዓመት ተምራ ዳባት መመለስ ማለት ነው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ዘንጓን በጠረጴዛዬ ላይ አጋድማ።

«እትዬ የትናየት፣ አንዱን ቅጂ ከመምህሮቹ አስመልሽልኝ። ያቺ ምዕራፍ ያስፈልገኛል።»

ከመምህራኑ አንዱ ጋር ደወልሁ፤ «ከየት እስከ የት ገጽ ነው የጎደላችሁ? ፎቶ ኮፒ አድርጌ ልላክልሽ» አለኝ። ቁጥሩን ላይ ብዬ የእኛን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርጄ ከፈትሁ። ምዕራፉ አለ። አንድም ገጽ አልጎደለም፤ ጥጉ እንኳ አልታጠፈም። የአስገድዶ መድፈር አንቀጽ፣ ቀጥሎ ሕፃናት ላይ የሚፈጸመው፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ሁሉም በቦታው ነው።

ደሜ ፈላ። መጽሐፉን እንደ ተከፈተ ይዤ ወደ በሩ ሄድሁ። ጋሼ ዝናቡ አንዱን ተማሪ ሲፈትሹ ነበር፤ ልጁ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኋቸው።

ቆባቸውን አወለቁ። «ከፈትሽው?»

«ከፈትሁት። የት ነው የተቀደደው?»

«አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እኔም አነበብሁት። ለዚህ ነው።» ወዲያና ወዲህ አዩ፤ ድምፃቸውን ቀነሱ። «የልጅ ልጄ ብትሆን ነው፣ የትናየት። ሁለታችን ብቻ ከአንድ ክፍል ተቀምጠን፣ በዚህ አፌ ያንን ሁሉ ልዘርዝርባት? ቃሉን አይተሽዋል፤ ምንም አያስቀር። በበር የሚያልፍ ቢሰማ ምን ይለኛል? እሷስ ምን ትለኛለች? ላከብራት ብዬ ነው።»

«አክብረው አስወደቋት» አልኋቸው።

ኋላ ተጸጽቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልተጸጸትሁም። የእኔም ጥፋት አለበት። ሳላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ጋሼ ዝናቡ ቆባቸውን በእጃቸው አዞሩት።

«አንች አንብቢላት» አሉ። «ሴት ነሽ።»

«አነባለሁ። ግን ገጹ ከየት መጣ ብትለኝ ምን ልበላት?»

«እሱን እኔ እነግራታለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሳይጠራብኝ ልንገራት።»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስታችን የኋላ ክፍል ገባን። እሳቸው አልተቀመጡም። ማማተብ የለ፣ መነጽር የለ፤ እንደ ተከሳሽ ቆመው ነው የተናገሩት።

«ዙፋን ልጄ፣ ገጹ አልተቀደደም። አለ። እኔ ነኝ የለም ያልሁሽ።»

ዙፋን ፊቷን ወደ ድምፃቸው አዞረች። «ለምን?»

«አፈርሁ።»

«ከማን?»

«ከአንች።»

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ዘንጓን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ ማውራት ጀመረች።

«ጎንደር ስማር አመተ ማርያም የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። አልጋችን ጎን ለጎን ነው። እንደ እኔው አታይም። በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ለክረምት አገሯ ገብታ፣ አንድ የጎረቤት ሰው ደፈራት። ከሰሰች። ፍርድ ቤት 'ማን እንደሆነ አይተሻል ወይ' አሏት። 'ድምፁን አውቀዋለሁ፣ እጁንም አውቀዋለሁ' አለች። እስኪ የሆነውን በዝርዝር ተናገሪ ተባለች። ልትናገር አፏን ስትከፍት አጎቷ ከአጠገቧ ቆሞ 'በቃሽ፣ በሰው ፊት አታዋርጂን' አላት። አጎቷ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ጋሼ። ይወዳት ነበር። አፍሮ ነው። እሷም ዝም አለች፣ መዝገቡ ተዘጋ። ሰውየው እዚያው መንደር አለ፤ ጠዋት ጠዋት ድምፁን ትሰማዋለች።»

ጋሼ ዝናቡ ግድግዳውን ተደገፉ።

«እኔ ሕግ የገባሁት ለዚች ምዕራፍ ነው» አለች ዙፋን። «ሌላውን ሁሉ የማጠናው እሷ ጋ ለመድረስ ነው። ዐቃቤ ሕግ ሆኜ እንደ እሷ ያለች ልጅ ስትመጣ፣ 'ንገሪኝ' ማለት እንድችል።»

«እኔ አነብልሻለሁ፤ አሁኑኑ እንጀምር» አልኋት።

«አይሆንም፣ እትዬ። እሳቸው ያንብቡት። ነገ ችሎት ላይ ይህን የሚያነቡብኝ ወንዶች ናቸው፤ የሚያከብረኝ ሰው በሙሉ ድምፅ ሲያነበው አስቀድሜ ልስማው። እንደ ሌላው ምዕራፍ። ዝቅ አድርገው እንዳያነቡት።»

ጋሼ ዝናቡ ወጥተው ወደ ጠረጴዛዬ ሄዱ፣ ተከተልኋቸው። የጉዳት መዝገቡን አስወጡኝ። ያችን መስመር ልሰርዛት እስክሪብቶ ሳነሳ ከእጄ ወሰዱብኝና ባዶ በተውሁት ቦታ ስማቸውን ጻፉ። የድሮ የቁም ጽሕፈት ነው፤ ከሌላው ስም ሁሉ ይለያል።

«ከነገ ጀምሮ አንድ ወር» አሉ።

«ምኑ?»

«እገዳው ነዋ።»

«ጋሼ፣ ገጹ እኮ አለ። አልቀደዱም።»

«ለእሷ ተቀዷል።»

ጥበቃ ራሱን ሲያግድ አይቼ አላውቅም። ተከራከርሁ፤ ሰውየውን ያውቁታል፣ ሣሩ ዘመድ አያውቅም። ቆሞ መጠበቁ ከደጅም ይቻላል አሉ። ከዚያ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የገባኝ ግን ከእሳቸው ቀድሞ ነው።

«ታዲያ ለዙፋን የት ያነቡላታል? የኋላ ክፍል መግባት አይችሉም።»

ቆባቸውን ሊያደርጉ አንስተው ሳያደርጉት ቀሩ። ከበሩ ውጭ፣ ከደረጃው አጠገብ አንድ የድንጋይ መቀመጫ አለ። ከመማሪያ ክፍል፣ ከካፌ፣ ከመኝታ ክፍል የሚመጣ ተማሪ ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነው። ጋሼ ዝናቡ በመስኮቱ አሻግረው አዩት፣ ለረጅም ጊዜ።

«ከደጅ» አሉ።

በማግስቱ ብርድ ነበር፤ ደባርቅ መቼም ብርድ የማይሆንበት ቀን ይፈልጋል። ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡ፣ ዙፋን ከጎናቸው። መጽሐፉን እኔ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ አስፈርሜ ነው የሰጠኋቸው፣ ያለዚያ አይቀበሉኝም። ዘጠኝ ሰዓት ክፍል ተለቅቆ ተማሪው በደረጃው ይጎርፍ ነበር። ዙፋን ስልኳን ከፈተች። አማተቡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አኖሩ።

ድምፅ አልወጣቸውም።

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግን ምንም የለም። ነፋሱ ገጹን ሲያርገበግበው በእጃቸው ያዙት። አንድ የጭነት መኪና ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ማርሽ እየቀነሰ ሲያልፍ ከዚህ ድረስ ተሰማ። የሚያውቋቸው ተማሪዎች ገና ደረጃው ላይ ቆም ቆም አሉ፣ ሽማግሌው ደጅ ምን እንደሚሠሩ ሊያዩ። ዙፋን አልጎተጎተችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ በቃ ልቀበላቸው ብዬ አንድ እርምጃ ተራመድሁ።

ያን ጊዜ ጀመሩ። ዝቅ አላደረጉም። ከዳዊት ጋር ባደገው ድምፅ፣ ቃል ሳይበሉ፣ አንቀጹን ከነቁጥሩ አነበቡት። ደረጃው ላይ አንድ ልጅ ሳቀ፤ ከጎኑ ያለችው ልጅ በክርኗ ደሰቀችውና ዝም አለ። ሕፃናት ላይ ስለሚፈጸመው ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ቀጠሉ። አንድም አስተያየት አልሰጡም። ከሚሰሙት ሴት ተማሪዎች አንዳንዶቹ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ እንባ የሚቀናኝ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ጠረጴዛዬን ትቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁ።

ሲጨርሱ መጽሐፉን ዘግተው «ተፈጸመ» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ዙፋን። ሌላ አልጨመረችም።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ቤት ደረሰ። እትዬ በለጠች «ወንድሜን ሲያስሩ ያላፈሩ ሰው ከወረቀት ያፍራሉ?» ብለው እንደ ሳቁባቸው ጋሼ ራሳቸው ነገሩኝ። አንድ ወሩንም ጨረሱ። በሐምሌ ዝናብ፣ ዣንጥላ ይዘው፣ ከደፍ ውጭ ቆመው ቦርሳ ፈተሹ። አንድ ቀን እንኳ ሙቀት ፍለጋ አልገቡም። መዝገቡን ደግሞ አልሰረዝሁትም፤ ስማቸው እዚያው አለ።

ዙፋን ድጋሚ ፈተናውን አለፈች፣ ያውም በጥሩ ነጥብ። አሁን የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የጋሼ ዝናቡን ንባብ የድምፅ ቅጂ በሙሉ ለአንዳርጋቸው ሰጥታው ድጋፍ ቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ተጭኗል፤ ከእሷ በኋላ ለሚመጡ። አንዳርጋቸው ቅጂውን ሲያስተካክል የዚያችን ምዕራፍ መጀመሪያ ሊቆርጠው ነበር። ከማማተባቸው እስከ መጀመሪያው ቃል አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። ዙፋን አትንካው አለችው።

ባለፈው ሳምንት ዘንድሮ ሕግ የገባች አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ነው። ጋሼ ዝናቡ ከበሩ ላይ ሆነው የአንዱን ተማሪ መጽሐፍ ይገልጣሉ።

«እትዬ፣ ይሄ ቅጂ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለችኝ። «'በስመ አብ' ይላል፣ ከዚያ ነፋስ ብቻ ነው።»

«አልተበላሸም» አልኋት። «ጠብቂ፣ ይመጣል።»